ኃይሉን ያጣ ጀግና ለምን ቤቱ ይግባ?

ሰሞኑን ሐዋሳ ውስጥ ኮሚክ በምንወድ ልጆች መካከል አንድ ጽሑፍ ከስልክ ስልክ ሲዞር ነበር። ርዕሱ «ኃይሉን ያጣ ጀግና ቤቱ ይግባ» ይላል። ጸሐፊውን አውቀዋለሁ። ቡና ላይ ስንት ጊዜ የተጨቃጨቅን ሰው ነው። ስሙን አላነሳም፤ እሱ ግን ራሱን ያውቃል። ስለዚህ «የተከበሩ ጸሐፊ እንዳሉት» እያልኩ አላካብድም። አንተ እያልኩ እቀጥላለሁ።

ጽሑፉ ላልደረሰው ሰው ነገርዬው ባጭሩ ይህ ነው። በልዕለ ኃያላን ኮሚኮች አንድ ጀግና ኃይሉን ወይም አካሉን ሲያጣ ደራሲዎቹ ብዙም ሳይቆዩ መሣሪያ ያስታጥቁታል። የብረት ክንፍ፣ ልዩ መነጽር፣ ጉልበት የሚሰጥ ጓንት። ጸሐፊው ይህን አይወድም። አንደኛ፣ መሣሪያው ሐዘኑን ያጠፋዋል ይላል። ሁለተኛ፣ እውነተኛ ጀግና ያለ መሣሪያም ይቆማል፤ ምስክሬ ስቶርም ናት ይላል። ሦስተኛ፣ መሣሪያ የሀብታም ነገር ነው። አራተኛ፣ የደራሲ ስንፍና ነው። አምስተኛ፣ ልጆችን ዕቃ አምላኪ ያደርጋል። መጨረሻ ላይ መፍትሔም አለው፦ ኃይሉ ያለቀበት ጀግና ስሙን ለወጣት አስረክቦ ጡረታ ይውጣ።

ጽሑፉ ጥሩ ተጽፏል፤ አይካድም። ችግሩ ምሳሌዎቹ ናቸው። አንተ የጠራሃቸው ምስክሮች እኔ ጋ መጥተው ነው የሚመሰክሩት።

ከመጀመሪያው እንነሳ። «መሣሪያው በገባ በሚቀጥለው ገጽ ሐዘኑ ይረሳል» ብለህ አርክኤንጀልን ጠቅሰሃል። ኧረ ወንድሜ! ከሰው ሁሉ አርክኤንጀልን?

አርክኤንጀል፣ በስሙ ዋረን ወርዚንግተን፣ ኤክስ-ሜን ከተባለው የጀግኖች ቡድን የመጀመሪያ አባላት አንዱ ነው። ከጀርባው የበቀለ ነጭ የላባ ክንፍ ነበረው። ሀብታም ነው፤ መልከ መልካም ነው፤ ከሁሉም በላይ ግን የሚኮራው በመብረሩ ነው። በፈረንጆቹ 1986 በጀመረው የሚውታንቶች (ልዩ ኃይል ይዘው የተወለዱ ሰዎች) ጭፍጨፋ ታሪክ ክንፉ ክፉኛ ተጎዳ። ሐኪሞች ቆረጡት። ከዚያ በኋላ አፖካሊፕስ የሚባለው ክፉ ፍጡር አገኘውና የብረት ክንፍ ሰጠው። በነጻ አይደለም። ቆዳው ሰማያዊ ሆነ። ስሙ «ሞት» ተባለ። የአፖካሊፕስ ፈረሰኛ ሆኖ የገዛ ጓደኞቹን ወጋ። ክንፉ ይበራል፤ ግን ስለታም የብረት ላባ ይተኩሳል፤ አንዳንዴም ባለቤቱ ሳያዘው በራሱ ይንቀሳቀሳል። ከአፖካሊፕስ ካመለጠም በኋላ ክንፉ አብሮት ቀረ፤ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ። በዘረጋው ቁጥር ማን እንደሰጠውና ምን እንዳስከፈለው አንባቢ ያያል። ሐዘኑ የተረሳው የትኛው ገጽ ላይ ነው?

አኳማንንም ተመልከት። በ1994 ግራ እጁን ፒራንሃ የሚባሉት ዓሦች በሉት። በምትኩ ጦር መሳይ ባለ ገመድ መንጠቆ ተገጠመለት። ከዚያ በኋላ ባለው እያንዳንዱ ሥዕል ዓይንህ መጀመሪያ የሚያርፈው እዚያ መንጠቆ ላይ ነው። ደራሲው ሐዘኑን ሊያስረሳህ ቢፈልግ ኖሮ የጎማ እጅ ሠርቶ ጓንት ያለብሰው ነበር። ያንን አላደረገም።

ከኮሚክ እንውጣና ደግሞ እዚሁ ሐዋሳ እንይ። ከተማችን ሜዳ ናት፤ ብስክሌት ትወዳለች። በሰፈራችን አንድ ልብስ ሰፊ አለ። ድሮ የጭነት መኪና ረዳት ነበር፤ መንገድ ላይ በደረሰ አደጋ እግሮቹ ከሥራ ውጪ ሆኑ። አሁን የሚሄደው በእጅ በሚዘወር ባለ ሦስት ጎማ ነው። ባለፈው ክረምት የፊት ጎማው ኩሽኔታ አለቀና ብስክሌት ጠጋኙ ጋ አገኘሁት። ባለ ሦስት ጎማው ተገልብጦ ጎማዎቹ ወደ ሰማይ ያያሉ። ካቴናው ተፈትቶ ናፍጣ ያለበት ጣሳ ውስጥ ተነክሯል። እሱ ከጎን የቢራ ሳጥን ላይ ተቀምጧል። ልኩ የሆነ ኩሽኔታ ጠፍቶ አንድ ልጅ ሊያፈላልግ ተልኳል። ልጁ እስኪመለስ ድረስ ሰውዬው ከዚያ ሳጥን መነሳት አይችልም። ሻይ ቢያምረው ሰው መጥራት አለበት።

ያን ቀን ያ ሰው እግሩን ማጣቱን የረሳ ይመስልሃል? ደግሞ ቆይቶ ከጠጋኙ ጋር ሲከራከር ሰማሁት። «ካቴናውን እንደዚያ አታጥብቀው፤ ወደ ታቦር ኮረብታ ስወጣ ትከሻዬን ይገድለኛል» ይለዋል። ጠጋኙ «ከላላ ይወልቃል» ይላል። «ይውለቅ፤ እኔ ነኝ የምነዳው!» አለው። ተቀምጦ የሚያዝ ሰው ነበር። ዕቃውን ከሠራው ሰው በላይ ያውቀዋል።

እኔ በኮሚክ ውስጥ የምፈልገው ይህንን ነው። መሣሪያ ጉድለትን አይደፍንም። ጉድለቱን ሌላ ቦታ ነው የሚያዛውረው፦ ኩሽኔታው ላይ፣ ባትሪው ላይ፣ የሚጠግነው ሰው ላይ። ጥሩ ደራሲ ይህን ሂሳብ ያሳያል። በ1970ዎቹ መጀመሪያ የሱፐርገርል ኃይል እንደኛ መብራት መጣ ሄደ ይል ነበር። መሐል ሰማይ ላይ ሊቋረጥ ይችላል። ጉልበቷን የሚተካ መሣሪያ ታጥቃ ነው የምትወጣው። ያንን ሲያነቡ ደስ የሚለው መሣሪያው መኖሩ አይደለም። መቼ እንደሚያስፈልጋት አለማወቋ ነው።

ሁለተኛው ነጥብህ የጽሑፍህ ምሰሶ ነው። «ስቶርምን እዩ፤ ኃይሏን አጣች፤ መሣሪያ አልለመነችም፤ በባዶ እጇ መሪ ሆነች» ትላለህ። ግማሹ እውነት ነው። የቀረውን እኔ ልጨምርልህ።

ስቶርም፣ በስሟ ኦሮሮ መንሮ፣ ለእኛ ሩቅ አይደለችም። እናቷ ኬንያዊት ናት። እሷ ወላጆቿን አጥታ ካይሮ ጎዳና ላይ በሌብነት አደገች። አየሩን ታዛለች። ነፋስን ና ትላለች፤ ይመጣል። በ1984 በታተመ ታሪክ አንድ የመንግሥት ባለሥልጣን ኃይል በሚያጠፋ ጠመንጃ ሮግ የተባለችውን ጀግና ሊመታ ተኮሰ። የተመታችው ስቶርም ሆነች። በአንድ ጥይት ሁሉም ነገር ሄደ። እንግዲህ ልብ በል፤ ታሪኩ የጀመረው ራሱ ከመሣሪያ ነው።

ጠመንጃውን የሠራው ፎርጅ ይባላል። ማንኛውንም ማሽን መፈልሰፍ የሚችል ሚውታንት ነው። ቬትናም ጦርነት ላይ እግሩንና እጁን አጥቷል፤ የተካቸውም ራሱ በሠራው ሰው ሠራሽ እግርና እጅ ነው። ስቶርምን ቤቱ ወስዶ ያስታምማታል። በሕይወት መቆየት የማትፈልግ ሴት ሰማዩን እያየች አልጋ ላይ ትውላለች። እሱ ደግሞ በሰው ሠራሽ እግሩ ከፊቷ ይመላለሳል። አካል ማጣት ምን እንደሆነ ከሱ የተሻለ ሊነግራት የሚችል የለም። ይግባባሉ፤ ይዋደዳሉ። ከዚያ ጠመንጃውን ማን እንደሠራው ታውቃለች። ጥላው ትሄዳለች።

ይህን ክፍል ስንት ጊዜ እንደደጋገምኩት አልቆጠርኩም። የሰጠውም የነሳውም አንድ እጅ ነው። ያ እጅ ደግሞ ራሱ ከብረት የተሠራ ነው። መሣሪያ የደራሲ ማምለጫ ነው የሚል ሰው ይህን ሳያነብ ባይፈርድ ጥሩ ነበር።

ከዚያ አንተ የወደድከው ይመጣል። በ1986 ስቶርም ያለ ኃይሏ የቡድኑን ነባር አባል ሳይክሎፕስን ገጥማ አሸነፈችና የኤክስ-ሜን መሪ ሆነች። እኔም እወደዋለሁ። ግን «ባዶ እጇን» አትበል። ቢላ ትይዛለች። ከካይሮ ዘመኗ ከለመደችው ቁልፍ መክፈቻም አትለይም። ከአህጉር አህጉር የምትሻገረው በቡድኑ ጄት ነው። ትናንት በራሷ ነፋስ ትበር የነበረች ሴት ዛሬ ቀበቶ አስራ ወንበር ላይ ስትቀመጥ፣ ጄቱ መሣሪያ ካልሆነ ምንድን ነው?

መጨረሻውን ደግሞ ጨርሰህ ዘለኸዋል። ኃይሏ በ1988 ተመለሰ። እንዴት? ስቶርምና ፎርጅ ሰው በሌለበት ሌላ ዓለም ውስጥ ታስረው ቀሩ። ዕቃ የለም፤ መደብር የለም። ፎርጅ ያለው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ሰው ሠራሽ እግሩ። ያንን ፈታታና ከክፍሎቹ ኃይሏን የሚመልስ መሣሪያ ሠራላት። እንደገና አንብበው። ጠመንጃ ሠርቶ የነጠቃትን፣ እግሩን አፍርሶ መለሰላት። መሣሪያ የማትፈልግ ጀግና ብለህ ያመጣሃት ሴት ታሪኳ በመሣሪያ ተከፍቶ በመሣሪያ ይዘጋል። ለዚህ ነጥብ ከስቶርም የባሰ ምስክር ልትመርጥ አትችልም ነበር።

ዎንደር ዉማንንም በጎን ጠቅሰሃል። በ1968 ኃይሏን ትታ የልብስ ሱቅ ከፈተች፤ ካራቴ ተማረች፤ ልብሷ ነጭ ሆነ። አንተ ይህን እንደ ክብር ታየዋለህ። በጊዜው የነበሩ ሴት አንባቢዎች ግን ሁሉም እንዳንተ አላዩትም። የሴቶች መብት ተሟጋቿ ግሎሪያ ስታይነም ኃይሏ እንዲመለስ ተከራክራለች፤ በ1972 ባቋቋመችው መጽሔት ሽፋን ላይም ዎንደር ዉማንን አወጣቻት። በ1973 ኃይሉ ተመለሰ። ኃይል ማጣት ያማረ የሚመስለው ብዙ ጊዜ ላላጣው ሰው ነው።

ሦስተኛው፣ «መሣሪያ የሀብታም ነው» የሚለው። እዚህ አይረን ማንንና ባትማንን አመጣህ። ባትማን ከመጀመሪያውም ልዕለ ኃይል አልነበረውም፤ ያጣውም የለም። ስለዚህ ርዕሳችን ውስጥ የለም። አይረን ማን እንኳ በ1963 ሲጀመር ሀብቱ አላዳነውም። ልቡ አጠገብ የብረት ስብርባሪ አለ። ደረቱ ላይ የታሰረውን ማሽን ማውለቅ አይችልም። ኃይል ሲያልቅበት ሶኬት ፍለጋ ይሮጣል። መብራት ሲጠፋ ስልኩ ሁለት ፐርሰንት ላይ የቀረ የሐዋሳ ልጅ ይህን ጭንቀት ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል።

ሌሎቹስ? ስፓይደርማን ገና በ1962 ድር የሚተኩሰውን ዕቃ ሲሠራ ሀብት የሌለው ተማሪ ነበር። ፎርጅ ለራሱ ሠራ። ሃውክአይ ወላጅ አልባ የሰርከስ ልጅ ነው፤ በ1983 በወጣ ታሪክ መስማት ሲሳነው ለመስማት የሚረዳ መሣሪያ ጆሮው ላይ አደረገ፤ ቀስቱን አልጣለም።

ባርባራ ጎርደን ደግሞ አለች። ልዕለ ኃይል ድሮም አልነበራትም፤ ግን ከጣሪያ ጣሪያ የምትዘል ባትገርል ነበረች። በ1988 የባትማን ጠላት ጆከር ተኩሶ ወገቧን መታት። መራመድ አቃታት። በዚያ ታሪክ ውስጥ የሷ ሕመም የወንዶቹ ሐዘን ማድመቂያ ብቻ ነበር። ኪም ዬልና ጆን ኦስትራንደር የተባሉ ባልና ሚስት ደራሲያን ይህ አልዋጥ አላቸው። በ1989 ኦራክል አድርገው መለሷት። ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ኮምፒውተሮች ከፊቷ፣ ግማሹ የጀግና ዓለም መረጃ የሚለምናት ሴት ሆነች። የቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበረች እኮ፤ መረጃ መፈለግ ሙያዋ ነው። መሣሪያዋ ሀብት አይደለም፤ ዕውቀት ነው። እንደ ኦራክል ደግሞ ባትገርል ሆና ከነበራት ቦታ የበለጠ ቦታ አገኘች።

በ2011 አሳታሚው ዲሲ ታሪኩን ሁሉ ከአዲስ ሲጀምር ባርባራን ከወንበሯ አስነስቶ እንደገና ባትገርል አደረጋት። ብዙ አንባቢ፣ በተለይ አካል ጉዳተኛ አንባቢ፣ ከፋው። በዋና ታሪክ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጣ የምትመራ ሴት ስንት አለችና? ሐዘንን የሚያጠፋ ነገር ማየት ከፈለግህ ይኸውልህ። ያጠፋው መሣሪያ አይደለም። ተአምራዊ ፈውስ ነው። አንተ ግን በጽሑፍህ ፈውሱን «ንጹህ» ስትል መሣሪያውን «ማጭበርበር» ብለኸዋል። ገልብጠኸዋል ወንድሜ።

አራተኛው፣ የደራሲ ስንፍና። እዚህ ላይ ትንሽ እሰጥሃለሁ። ሰነፍ ደራሲ አለ። በ2005 የኤክስ-ሜን አሳታሚ ማርቭል አብዛኞቹን ሚውታንቶች በአንድ ጊዜ ኃይል አልባ አደረጋቸው። በ2007 ኒው ዋሪየርስ የተባለው መጽሔት ከእነዚህ የተወሰኑትን ሰብስቦ በመሣሪያና በአዲስ ስም መለሳቸው። ጁቢሊ ለምሳሌ ከእጇ የብርሃን ርችት የምትለቅ ልጅ ነበረች፤ አሁን ጉልበት የሚሰጥ የብረት ጓንት አደረገች፤ ስሟም ዎንድራ ሆነ። ሐሳቡ ራሱ ግሩም ነው። ርችቷን ያጣች ልጅ ጡንቻ ሲሰጧት ምን ይሰማታል? የኔ ቅሬታ ይህ ጥያቄ በደንብ ሳይነሳ መታለፉ ነው። ጓንቱ በቂ ጊዜ አልተበላሸም። መጽሔቱ በ2009 በ20ኛው ዕትም ቆመ። ጥፋቱ ግን የጓንቱ ሳይሆን የአጻጻፉ ነው።

ሥራውን የሚያውቅ ደራሲ ሲይዘው እንዴት እንደሚሆን ለማየት ደግሞ ብዙ ወደፊት መምጣት አያስፈልግም። በ1941 ዶክተር ሚድናይት የሚባል ጀግና ወጣ። ሐኪም ነው፤ በፍንዳታ ዓይኑ ጠፋ። ድቅድቅ ጨለማ ውስጥ ግን ያያል። በብርሃን ለማየት ልዩ መነጽር ያስፈልገዋል። ጠላት ሲገጥም ቦንብ ወርውሮ ቦታውን ያጨልመዋል። በጨለማው ውስጥ ዕውሮቹ እነሱ ናቸው፤ የሚያየው እሱ ነው። ሁለት ዕቃ፣ አንድ ጉድለት፣ አለቀ። ስንፍና ይህ ነው?

ስፓይደርማንም እዚህ ይገባል። በ2011 አደጋ ከመድረሱ በፊት የሚያስጠነቅቀውን ስሜቱን አጣ። ያኔ ጥይት የማይበሳው ልብስ ሠራ። ግን እሱ ብቻ አልበቃውም፤ ሻንግ-ቺ ከተባለው ጀግና ኩንግ ፉ መማር ነበረበት። ዕቃም ሥልጠናም። ቶር በ2014 መዶሻውን ለማንሳት ብቁ ሳይሆን ቀረ፤ በኋላ መዶሻው ራሱ ጠፋ። በ2018 በምትኩ ብዙ መዶሻ ይዞ መጣ፤ እየመታባቸው ይሰበራሉ። አምላክ ሆኖ መለዋወጫ ሲቆጥር ማየት ያስቃል፤ ያሳዝናልም። ሱፐርማን እንኳ በ1963 ታሪክ ጠርሙስ ውስጥ ወዳለችው ካንዶር ከተማ ሲገባ ኃይል የለውም። ከጓደኛው ከጂሚ ኦልሰን ጋር የመብረሪያ መሣሪያ ታጥቀው ናይትዊንግና ፍሌምበርድ ተባሉ። ናይትዊንግ የሚለውን ስም በኋላ የባትማን ረዳት ሮቢን የነበረው ልጅ ወሰደው። ከአንድ ትርፍ ዕቃ ስንት ታሪክ እንደሚወጣ አስብ።

አምስተኛውን፣ ልጆች ዕቃ አምላኪ ይሆናሉ የሚለውን፣ ብዙ አላቆየውም። መነጽር አድርጎ ክፍል ውስጥ ከፊት የሚቀመጥ ልጅ መነጽር አያመልክም። ሰሌዳውን ነው የሚያየው።

አሁን ወደ መፍትሔህ። «ኃይሉ ያለቀበት ስሙን ለወጣት ያስረክብ፤ ወጣቱ በራሱ ይቁም።» መልካም። ይህ ተሞክሯል። ዳን ጋሬት የሚባል ብሉ ቢትል ነበር። ኃይሉን የሚያገኘው ከጥንታዊ የግብፅ ጥንዚዛ ቅርጽ ነው። ሲሞት ሥራውን ለተማሪው ለቴድ ኮርድ አደራ ሰጠው። ልክ አንተ እንዳልከው። ቴድ በ1966 ሲመጣ ስሙን ወረሰ፤ ኃይሉን ግን አልወረሰም። ታዲያ ወጣቱ ምን አደረገ? ጥንዚዛ የሚመስል የሚበር መኪና ሠራ፤ ዓይን የሚያጭበረብር ብርሃን የሚተኩስ ሽጉጥ ሠራ፤ ሥራውን ቀጠለ። ያንተ ጡረታ ወጪ ጀግና ከበሩ ሲወጣ ወራሹ በመሣሪያ ተጭኖ በዚያው በር ገባ።